ስለ ሥራ ዓለም የመድረክ ስላቅ አጻጻፍ፦ ከጆርጅ ካርሊን ስልት በመነሣት

ስለ ሥራ ዓለም የሚጻፍ የመድረክ ኮሜዲ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ጸሐፊው ካስቀየመው አለቃ ስለሚነሣ ነው፤ በአንድ አለቃ ላይ በሚነገር ቀልድ ከልባቸው የሚስቁት እርሱን የሚያውቁት ብቻ ናቸው። አሜሪካዊው ኮሜዲያን ጆርጅ ካርሊን (እ.ኤ.አ. 1937–2008) ግን መነሻ ያደረገው ድርጅቶችና መንግሥት የሚናገሩበትን ቋንቋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካዋ ሚልዋውኪ ከተማ መድረክ ላይ በመናገሩ ያሳሰሩትን ጸያፍ ቃላት ብቻ መኮረጅ የእርሱን ስልት መማር አይደለም።

ስለዚህ ቀልድ ከመፈለግ በፊት አነጋገር ይሰብስቡ። በስብሰባ የሰሙትን፣ በማስታወቂያ ሰሌዳና በደብዳቤ ያነበቡትን ሐረግ ሳያሳምሩ እንዳለ ይመዝግቡ፤ ካርሊንም ቁርጥራጭ ማስታወሻዎችን በየርእሱ ለይቶ ለአሥርት ዓመታት ያከማች ነበር።

ቀጥሎ ሐረጉ የማንን ሕመም እንደሚሸፍን ይጠይቁ። ካርሊን እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረበው ዝግጅት በጦርነት አእምሮው ለተጎዳ ወታደር ሁኔታ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት እስከ ቬትናም ድረስ የተሰጡትን ስሞች በየዘመናቸው ደረደረ፤ ስሙ እየረዘመና እየለዘበ ሲሄድ ሕመምተኛው ከዓይን እየራቀ መሄዱን አድማጩ ከቅደም ተከተሉ ራሱ ተረዳ። በአማርኛም «ተባረረ»፣ «ከሥራ ተሰናበተ»፣ «በመዋቅር ማሻሻያው ያለ ድልድል ቀረ» የሚሉትን በተርታ አስቀምጠው፣ በአራተኛው ዓረፍተ ነገር የሰውየው ቤተሰብ የወሩን የቤት ኪራይ በምን እንደሚከፍል ይናገሩ። በመካከል ማብራሪያ አይጨምሩ።

የስላቁ ዒላማ ውሳኔ ሰጪው ይሁን። የጥበቃውን ወይም የጽዳት ሠራተኛዋን የአነጋገር ዘዬ መኮረጅ ሳቅ ማስገኘቱ አይቀርም፤ ነገር ግን በሥራው ዓለም የተጎዳውን ሰው ደግሞ መጉዳት ስለሆነ ፈጽሞ ሊቀር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ጽሑፉ ሲያልቅ በጥቂት ሰዎች ፊት ድምፅዎን ቀድተው ይሞክሩት። ካርሊንም ለቴሌቪዥን የሚቀረጹ ዝግጅቶቹን አስቀድሞ በየከተማው እየዞረ ያቀርባቸውና ያርማቸው ነበር። ሳቅ የጠበቁበት ቦታ ዝም ካለ ወዲያው አይሰርዙት፤ ምናልባት አድማጩ ሊደርስበት የሚገባውን ቀድመው ነግረውት ይሆናል። አማርኛ ግሱን በመጨረሻ ስለሚያስቀምጥ ያልተጠበቀው ነገር በግሱ ላይ እንዲወድቅ አድርገው ያዋቅሩት፤ ከግሱ በኋላ የሚከተለውን «ማለት ነው» እና መሰሉን ሁሉ ያውጡ፣ አድማጩ ስቆ እስኪጨርስም ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር አይጀምሩ።