«ሆዴን አሞኛል»፦ የታዳጊዎችን ጭንቀት የምናባብስባቸው ስህተቶች

አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ነገ ክፍል ፊት ቆማ የቡድን ሥራ ታቀርባለች እንበል። ማታ ራት አልበላም አለች። ጠዋት ደግሞ «ሆዴን አሞኛል» ብላ ብርድ ልብሷን ተከናነበች። እየዋሸች አይደለም፤ ጭንቀት የምር ሆድ ያማል። ከዚህ በኋላ ቤተሰቡ የሚያደርገው ሁሉ ከፍቅር ነው። ስህተቱም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው።

«በቃ ዛሬ ቅሪ» ማለት

እንደ እኔ ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው፤ ወዲያው ይሠራላ! ፈቃዱን እንዳገኘች ሆዷ ይተዋታል። ረፋድ ላይ ስልኳን ይዛ ትስቃለች። ያቺ እፎይታ ግን መጥፎ ትምህርት ታስተምራለች፦ «የዳንኩት ስለቀረሁ ነው»። በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ገዝፎ ይመጣል። በዚያ ላይ «ሌሎቹ አቀረቡ፣ እኔ አቃተኝ» የሚል ሐሳብ ይጨመራል። ሽሽት ጭንቀቱን እያሳደገ ለራሷ ያላትን ግምት ይበላል።

በግድ ጎትቶ መውሰድም አያዋጣም። ፍርሃቱን ቆራርሶ ማሳነስ ይሻላል። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው ታቅርብ። ቀጥሎ ለሁለት ጓደኞቿ። ክፍል ውስጥ ደግሞ ለጊዜው የአንድ ደቂቃውን ድርሻ ብቻ። የወላጅ ቃልም አጭር ይሁን፦ «ከባድ እንደሆነብሽ ይገባኛል፤ እንደምትወጪውም አውቃለሁ።» የዬል ዩኒቨርሲቲው ኤሊ ሌቦዊትዝና ባልደረቦቹ እንዲህ ያለውን አያያዝ ለወላጆች ብቻ አሠልጥነው ነበር። ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 14 የሆኑት ልጆች ራሳቸው ሕክምናው ውስጥ አልገቡም። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ጭንቀታቸው የንግግር ሕክምና ካገኙት ልጆች ባላነሰ ቀንሷል።

በሙገሳ ማጥለቅለቅ

«አንቺ እኮ አንደኛ ነሽ!» በራሱ ለማይተማመን ልጅ ይሄ ሸክም ነው። ነገም አንደኛ መሆን ሊጠበቅበት ነዋ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ላይ ልጆች ሥዕል አይተው እንዲስሉ ተደረገ። አንዳንዶቹ «ቆንጆ ሥዕል ነው»፣ ሌሎቹ «እጅግ የሚያስደንቅ ሥዕል ነው» ተባሉ። ከዚያ ቀጣዩን ሥዕል ራሳቸው እንዲመርጡ ተደረገ። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የነበራቸው ልጆች የተጋነነውን ሲሰሙ ቀላል ቀላሉን መረጡ። ስለዚህ ያየነውን ብቻ እንናገር፦ «ድምፅሽ እየተንቀጠቀጠም ጨረስሽው።»

«መጀመሪያ በራሷ ትተማመን፣ ጭንቀቱ ይለቃታል»

መንገዱ ባለ ሁለት አቅጣጫ ነው። ልጆችንና አዋቂዎችን ለረጅም ጊዜ የተከታተሉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ዝቅተኛ ግምት ጭንቀትን ያመጣል፤ ጭንቀትም በተራው ግምቱን ያወርዳል፤ ኃይላቸውም ተቀራራቢ ነው። በራስ መተማመን እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ታዲያ ምን ይባላል? ትንሿን ሙከራ ዛሬ ማስጀመር ይቻላል።

ማውራት ሁሌም ያቀልላል ብሎ ማሰብ

ከጓደኛ ጋር አንዱን ጉዳይ ሌሊቱን ሙሉ ማመንዠግ ጓደኝነቱን ያጠብቃል፤ ጭንቀቱንም እንዲሁ። ወሬው «እና ምን እናድርግ?» ላይ ካልደረሰ ቆም ማለት ነው።

ለሁሉም ችግር አንድ መላ

ላዛረስና ፎክማን የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ሁለት ዓይነት የጭንቀት መቋቋሚያ ለይተዋል፦ ችግሩን ራሱን ለመፍታት የሚሞክርና ስሜቱን የሚያረጋጋ። ፈተናው ገና ከሆነ ማጥናት ነው። ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ከሆነ ግን «አጥኚ» ምን ይሠራላታል? ያኔ የሚሻለው በእግር መንሸራሸር፣ ረጋ ብሎ መተንፈስ፣ እንቅልፍ ነው።

«ዕድሜዋ ነው፣ ያልፋል»

አንዳንዴ እውነት ነው። ነገር ግን ለሳምንታት ከትምህርት ቤት ከቀረች፣ እንቅልፍ ካጣች ወይም ከጓደኞቿ ከራቀች የሥነ ልቦና ባለሙያ ይያት። ራሷን ስለመጉዳት ካወራች ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ነው።

ከተመለሰች በኋላ «እንዴት ነበር?» ብሎ ማለፍ

«ደህና» ትልና ክፍሏ ትገባለች። ከዚያ ይልቅ ሁለት ነገር ጠይቋት። ከመግባትሽ በፊት ምን ይፈጠራል ብለሽ ፈርተሽ ነበር? የተፈጠረውስ ምንድን ነው? «ይስቁብኛል ብዬ ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ አንዱ ስልኩን ይነካካ ነበር፣ ሌላው ያዛጋ ነበር።»