እጄ እየተንቀጠቀጠ እንዴት እበይዳለሁ

እጄ ይንቀጠቀጣል። እንቅልፍ ካጣሁማ ይብስበታል። ያም ሆኖ የኤሌክትሮኒክስ የሙከራ ቦርዶቼን የምበይደው ራሴ ነኝ። ዋናው ነገር የእጅ እርጋታ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፍላክስ ነው፤ ቀልጦ የሚያጣብቀው ሶልደር ብረቱን በደንብ እንዲይዝ የሚቀባው ነገር።

ቦርዱ ላይ ከሚበየዱት ጥቃቅን ክፍሎች ለጀማሪ 0805 የሚባለው መጠን ይሻላል። 2 በ1.25 ሚሊ ሜትር ነው። 0402ን ለጊዜው ተዉት። 1 በ0.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ትንፋሽ ይወስደዋል። አንዱ ከወረንጦዬ ተፈናጥሮ የት እንደገባ እስካሁን አላገኘሁትም።

እንደ መርፌ የሾለ የመበየጃ ካውያ ጫፍ አትግዙ። ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። እንደ መሮ ጠፍጠፍ ያለው፣ ወርዱ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ይበቃል። የሶልደር ሽቦው 0.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። 63 በመቶ ቲን፣ 37 በመቶ እርሳስ የሆነው በ183 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ለእጅ ሥራ ይመቻል። እኔ ካውያውን 320 ላይ አደርገዋለሁ። እርሳስ ነውና ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ። ጭሱንም አትማጉት።

አሁን ሬዚስተሩ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድበው ክፍል። ሁለቱንም ፓዶች፣ ማለትም ክፍሉ የሚበየድባቸውን የቦርዱን የመዳብ ቦታዎች፣ ፍላክስ ቀቡ። አንዱ ላይ ብቻ ትንሽ ሶልደር አቅልጡ። ክርናችሁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፉ። ሬዚስተሩን በወረንጦ ይዛችሁ፣ ያንን ሶልደር መልሳችሁ እያቀለጣችሁ ወደ ቦታው አንሸራቱት። ካውያውን አንሱ፤ ሶልደሩ እስኪረጋ ግን ወረንጦውን አትልቀቁ። ከዚያ ሌላኛውን ጎን በይዱ። አንዱ ፓድ ከሰፊው የግራውንድ (የኤሌክትሪኩ የጋራ መመለሻ) መዳብ ጋር ከተያያዘ እሱን ለመጨረሻ አቆዩት፤ መዳቡ ሙቀቱን ይጠጣዋል።

አይሲ፣ ማለትም ብዙ እግር ያለው ቺፕ፣ ያስፈራል እንጂ ከባድ አይደለም። አስተካክላችሁ አስቀምጡና አንድ የማዕዘን እግር ብቻ በይዱ። በማጉያ መነጽር እዩት። ከተጣመመ አሁኑኑ አቅልጣችሁ አቅኑት። ቀጥሎ ተቃራኒውን ማዕዘን። ከዚያ እግሮቹን በሙሉ ፍላክስ አልብሷቸው፤ አትሰስቱ። የካውያው ጫፍ ላይ ጥቂት ሶልደር ይዛችሁ በእግሮቹ ላይ ቀስ ብላችሁ ጎትቱት። ሶልደሩ ራሱ ወደየፓዱ ይሄዳል። ሁለት እግር ቢያያዝ አትደንግጡ። ፍላክስ ጨምሩና ጫፉን አጽድታችሁ እንደገና ንኩት። እምቢ ካለ በሶልደር መምጠጫ የመዳብ ጥልፍ ይነሳል።

አንድ ቀን 48 እግር ያለው አይሲ አሳምሬ በየድኩ። ፎቶም አነሳሁት። ፎቶውን ሳጎላው አንደኛውን እግር የሚያመለክተው ነጥብ በተቃራኒው ማዕዘን ነው፤ ለካ አዙሬ ነው የበየድኩት! በሙቅ አየር ሳነሳው ሁለት ፓድ ተላጦ አብሮ መጣ። አሁን ካውያውን ከመሰካቴ በፊት የአንደኛውን እግር ቦታ ቦርዱ ላይ በቀይ ማርከር አከብበዋለሁ።