የሴንሰር ዳታ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

እጅ አንጓ ወይም ደረት ላይ የሚታሰር ሴንሰር የልብ ምትን፣ የቆዳ ሙቀትንና እንቅስቃሴን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ሲመዘግብ ይቆያል። እኔ ያየሁት አብዛኛው ብልሽት ግን ሰው ላይ ታስሮ ሳለ አይደለም የሚደርሰው። ዳታው ከመሣሪያው ወጥቶ ኮምፒውተር ላይ እስኪቀመጥ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። አዲስ ገቢ ተማሪዎች በየዓመቱ የሚሠሯቸው ስህተቶች ያው በመሆናቸው እዚህ ላይ ላስፍራቸው። እኩል አይከብዱም፤ የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ዋናውን ፋይል በኤክሴል ከፍቶ ሴቭ ማድረግ

ይህን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ፋይሉ እንደገባ ሁሉም ሰው “እስቲ ልየው” ይላል። ሲኤስቪ ፋይል (ቁጥሮች በኮማ ተለያይተው የተጻፉበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ሁለቴ ሲጫኑት አብዛኛው ኮምፒውተር ላይ የሚከፈተው በኤክሴል ነው። ማየቱ ብቻውን ጉዳት የለውም። ችግሩ ሲወጡ ሴቭ የማድረግ ልማድ ነው፤ እጅ ሳያስብ ይጫናል፣ ዳታውም እዚያው ይበላሻል።

በቁጥር ላሳያችሁ። ብዙ መሣሪያዎች ጊዜን የሚጽፉት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለፈውን ሚሊሰከንድ በመቁጠር ነው። ስለዚህ አንዱ መስመር ለምሳሌ 1712345678901 ብሎ ይጀምራል። ኤክሴል እንዲህ ያለውን ባለ 13 አሃዝ ቁጥር አሳጥሮ “1.71235 ሲባዛ በ10 ኃይል 12” አድርጎ ያሳየዋል። ወደ ሲኤስቪ መልሶ ሲያስቀምጥም የሚጽፈው ያንኑ ያጠረውን ነው። የተቀሩት አሃዞች ጠፍተዋል፤ ፋይሉን ደግሞ በመክፈት አይመለሱም። ከተረፉት አሃዞች የመጨረሻው በአንድ ከፍ እንዲል 10,000 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ገደማ ማለፍ አለበት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የተመዘገበ እያንዳንዱ የልብ ምት አንድ ዓይነት ሰዓት ይዞ ይቀራል።

በዚህ ላይ የመስመር ብዛት አለ። አንድ የኤክሴል ገጽ ከ1,048,576 መስመር በላይ አይዝም። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚመዘግብ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ይህን ያህል መስመር ለመጻፍ ሦስት ሰዓት አይፈጅበትም። የ8 ሰዓት እንቅልፍ 2,880,000 መስመር ነው። ኤክሴል ሁሉንም እንዳልጫነ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን ሳያነቡ ዘግተው ሴቭ ካደረጉ ግን ከ5 ሰዓት በላይ የሚሆነው እንቅልፍ ተቆርጦ ይቀራል።

አንድ የመመረቂያ ጥናት የሚሠራ ልጅ “ተሳታፊዎቼ ሁሉ ሌሊት ላይ ሴንሰሩን እያወለቁብኝ ነው” ብሎ መጣ። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ስናይ የሁሉም ርዝመት ቁርጥ አንድ ነበር፦ 1,048,576 መስመር። ተሳታፊዎቹ ምንም አላወለቁም። የመሣሪያዎቹ ሚሞሪ በዚያ መሃል ለሚቀጥለው ዙር ተጠርጎ ስለነበር መልሰን ያገኘነው ጥቂቱን ብቻ ነው። ያ ልጅ ታታሪና ጥንቁቅ ነበር። ያልተነገረው አንድ ነገር ነው ዋጋ ያስከፈለው።

ስለዚህ ፋይሉ ከመሣሪያው እንደወጣ “ጥሬ” የሚባል ፎልደር ውስጥ ይግባ፣ ለንባብ ብቻ ተብሎ ይቆለፍ፣ ሌላ ዲስክ ላይም ቅጂ ይኑረው። ማየት የፈለገ ቅጂውን ይክፈት፣ ቢቻል በፓይተን ወይም በአር የፕሮግራም ቋንቋ።

ሳያረጋግጡ የሴንሰሩን ሚሞሪ ማጥራት

የፋይሉ ስም ፎልደሩ ውስጥ ስለታየ ዳታው ደርሷል ማለት አይደለም። ግማሽ መንገድ ላይ የተቋረጠ ፋይልም ስም አለው። ከማጥራታችሁ በፊት መጠኑን መሣሪያው ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ከዲስክ ወደ ዲስክ ስትገለብጡ ደግሞ የኤስኤችኤ-256 ኮዱን (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) አውጥታችሁ አመሳክሩ፤ አንዲት ባይት ብትለወጥ ኮዱ ሌላ ይሆናል። ከዚያም በግራፍ እዩት። መጀመሪያውና መጨረሻው ተሳታፊው አሰርኩ፣ ፈታሁ ካለው ሰዓት ጋር ይገጥማል? የእንቅስቃሴው መስመር ዝርግ ብሎ የቆዳው ሙቀት ወደ ክፍሉ ሙቀት እየወረደ ከሄደ ያን ጊዜ ሴንሰሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ይህን ዛሬ ካያችሁ ተሳታፊውን ትጠይቁታላችሁ፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን እሱም አያስታውሰውም።

ሰዓትን ችላ ማለት

ብዙ ሴንሰሮች ሰዓታቸውን የሚወስዱት ለዝግጅት ከተሰኩበት ኮምፒውተር ነው። የኮምፒውተሩ ሰዓት ከተሳሳተ ቀረጻው በሙሉ ተሳስቷል። ስለዚህ ሴንሰሩን ከማዘጋጀታችሁ በፊት ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲያስተካክል አድርጉ። አንዱን ሴንሰር በአንድ ላፕቶፕ፣ ሌላውን በሌላ አታዘጋጁ።

ፋይሉ ውስጥ ያለው ሰዓት የአገሩ ይሁን ወይስ ዩቲሲ (የዓለም መደበኛ ሰዓት) ከመመሪያው አረጋግጡና በማስታወሻ ጻፉት። መቁጠሪያው ከየት እንደሚነሳም እወቁ። የጋርሚን ሰዓቶች የሚጠቀሙበት ፊት (FIT) የተባለው የፋይል ዓይነት የሚቆጥረው ከ1970 ሳይሆን ከዲሴምበር 31 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰከንድ ነው። 631,065,600 ሰከንድ ሳይደምር የሚያነብ ሰው የትናንቱን ሩጫ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። ይህ ስህተት ትልቅ ስለሆነ ቶሎ ይታያል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ሳይታይ የሚያልፈው የአንድ ሰዓት ስህተት ነው።

በትክክል የተሞላ ሰዓትም ቀስ በቀስ ይዛነፋል። መሣሪያው ውስጥ ያለው ጊዜ ቆጣሪ ክሪስታል ከሚሊዮን 20 ያህል ቢሳሳት በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በሳምንት 12 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ለእርምጃ ቆጠራ ምንም አይደለም፤ ሁለት ሴንሰሮችን ምት በምት ለሚያዛምድ ግን ብዙ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሲጀመርም ሲያልቅም ሴንሰሮቹን አንድ ላይ ይዛችሁ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ጠበቅ አድርጋችሁ ምቱ፣ ሰዓቱንም ጻፉ። ሦስቱ ምቶች በሁሉም ግራፍ ላይ ሾል ብለው ይወጣሉ፤ መዛነፉን ከእነሱ ትለካላችሁ።

የፋይሉን ራስጌ (የመጀመሪያ መስመሮቹን) እንደ ቆሻሻ መቁረጥ

ኢምፓቲካ ኢ4 በሚባለው የእጅ አንጓ ሴንሰር ብዙዎቹ ፋይሎች እያንዳንዱ መስመር ላይ ሰዓት የላቸውም። የመጀመሪያው መስመር ቀረጻው የጀመረበት ሰዓት በዩቲሲ ነው፣ ሁለተኛው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ ይናገራል፦ ለደም ፍሰት 64፣ ለቆዳ ሙቀት 4። ሰዓቱ ሁሉ የሚሰላው ከእነዚህ ሁለት መስመሮች ነው። ጀማሪዎች “ከሌላው አይመሳሰሉም” ብለው ይሰርዟቸዋል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው መቼ እንደተለካ የማይታወቅ የቁጥር ክምር ነው። ደግሞም የዚያው መሣሪያ የልብ ምት ፋይል ከሌሎቹ 10 ሰከንድ ዘግይቶ ይጀምራል። ፋይሎቹን በመስመር ቁጥር አታስተካክሏቸው፤ እያንዳንዱ በራሱ መነሻ ሰዓት ይሰላ።

አሃድን በግምት ማንበብ

በብሉቱዝ መደበኛው የልብ ምት አገልግሎት በሁለት ምቶች መካከል ያለውን ጊዜ የሚልከው በሚሊሰከንድ ሳይሆን በሰከንድ 1,024ኛ ክፍልፋይ ነው። እንደ ሚሊሰከንድ ካነበባችሁት ሁሉም ነገር 2.4 በመቶ ይረዝማል፣ ግራፉም ጤነኛ ይመስላል።

በብሉቱዝ በቀጥታ በሚመጣው ላይ ብቻ መተማመን

ሰውየው ክፍሉን ለቆ ከሄደ ወይም ሰውነቱ መሃል ከገባ ግንኙነቱ ይቆራረጣል። መሣሪያው የራሱ ሚሞሪ ካለው እዚያም ይቅዳ።

ኬብሉና ሌሎች ትናንሽ ነገሮች

ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ የዩኤስቢ ኬብሎች አሉ፤ የዳታ ሽቦ የላቸውም። መብራቱ በርቶ ኮምፒውተሩ ምንም ካላሳየ ሶፍትዌሩን ከመንካታችሁ በፊት ኬብል ቀይሩ። የመሣሪያው መገናኛ ነጥቦች ላይ ላብ ደርቆ ግንኙነቱን ያቆራርጣል፤ አልኮል በነካ ጨርቅ ጠርጋችሁ አድርቁት። ባትሪው ሊያልቅ ሲል መገልበጥ አትጀምሩ። “በደህና አውጣ” የሚለውን ሳትጫኑ አትንቀሉ። አንዳንድ ሴንሰሮች ዳታውን ለስልክ አፕ ካስረከቡ በኋላ ከሚሞሪያቸው ያጠፉታል፤ ስለዚህ በኮምፒውተር የምትገለብጡ ከሆነ ስልኩ ላይ ያለው አፕ ቀድሞ እንዳይወስደው ዝጉት።

ፋይሉን በሰው ስም መሰየም

ይህ የሌላ ሰው ልብና እንቅልፍ ነው። የፋይሉ ስም የተሳታፊው ኮድ፣ የሴንሰሩ ቁጥርና ቀረጻው የተጀመረበት ቀን ይሁን፤ ቀኑም ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ ቢጻፍ ፎልደሩ ውስጥ በራሱ ይደረደራል። ኮዱን ከስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር በይለፍ ቃል ተቆልፎ ከዳታው ሌላ ቦታ ይቀመጥ፣ ከፋይሎቹም ጋር አብሮ በኢሜይል አይላክ።