የዓመቱን ምርጥ ሳንቲም እንዴት እንመርጣለን?

በሰሜን ሸዋ ጥንታዊ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ጳጉሜን ላይ የዓመቱን ግዢ ዘርግቶ ይበልጥ የወደደውን ሲመርጥ፣ የጠገራ ብርን ዕድሜ በላዩ ከተጻፈው ዓመት ለማወቅ ከሞከረ ይሳሳታል፤ በብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ ከሞተች በኋላ በልዩ ልዩ አገሮች የተመታው ብር ሁሉ የሞተችበትን 1780 እንደያዘ ነውና። ይልቅስ ብሩን በወርቅ ሚዛን ይመዝኑት፤ ትክክለኛው 28 ግራም ያህል ሲሆን በጠርዙ ዙሪያ ጎላ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ አለው። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወይም ማግኔት ከሳበው ከምርጫው ያውጡት።

በፓሪስ የተመታውና በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ የተጻፈበት የምኒልክ ብር ከተገኘ፣ ቀድመው የሚያልቁትን የንጉሡን ዘውድና የአንበሳውን ጎፈር በማጉያ መነጽር ይመልከቱ።

የእኔ የዘንድሮ ምርጫ ግን ደብረ ብርሃን ላይ የገዛሁት የተበሳ ጠገራ ብር ነው። ነጋዴው ስለ ቀዳዳው ዋጋ ቀነሰልኝ፤ እኔ ደግሞ የወደድሁት በቀዳዳው ነው፣ የአንገት ማተቡ ክር የቀዳዳውን የላይኛውን ከንፈር እያሻሸ በልቶት ይታያል።

የመረጡትን በአመድም ሆነ በሎሚ ሳያሹ፣ ክብደቱን፣ ዋጋውንና የተገዛበትን ቦታ መዝግበው በደረቅ ወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡት።