የባቄላዬ ክሽክሽ ያለ ማላታይን ለቀቀ

አዘዞ ጓሮዬ ያለው ባቄላ ጫፉ ክሽክሽ በሚባል ጭማቂ መጣጭ ጥቁር ተባይ ተወሮ ቅጠሉ ተጨማደደ። ጎረቤቴ «ማላታይን ርጭበትና ተገላገል፣ ልጄ» አሉኝ። አበባው ላይ የሚውለው ንብ ግን ከእሳቸው ቀፎ ነው፤ ማላታይን የሚባለው የተባይ መድኃኒት ደግሞ ንብና ክሽክሽ አይለይም። ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ።

በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጬ፣ አመሻሽ ላይ ቅጠሉን እየገለበጥኩ ረጨሁ። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ ላይ ላዩን መርጨት ልፋት ነው። ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል፣ ይቅርባችሁ።

ዋናው ጉድ ጉንዳኑ ነበር። ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልስ ከጠላት ይጠብቀዋል። ግንዱ ዙሪያ ደረቅ አመድ ነሰነስኩ፤ ጉንዳኑ ሲቀር ባለ ነጠብጣቧ ቀይ ጢንዚዛ መጣች። እጯ ጥቁርና አስቀያሚ ናት፤ ተባይ መስላችሁ እንዳትጨፈልቋት፣ ክሽክሹን ለቅማ የጨረሰችልኝ እሷ ናት።