ፑልያ ባሕር ዳርቻ ለዕረፍት ሄዶ ፓስታ በእጅ መሥራት እንዴት መማር ይቻላል

ጣሊያን ለዕረፍት የሚሄድ ሰው የምግብ ሥራ ትምህርቱን ብዙ ጊዜ ለመጨረሻው ቀን ያቆየዋል። መጀመሪያ ዋና፣ ቀጥሎ ሽርሽር፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ፓስታ። እኔ የምመክራችሁ ግን በደረሳችሁ በማግስቱ እንድትማሩ ነው። የእጅ ሙያ አንዴ አይተውት የሚያዝ ነገር አይደለም። በዕረፍቱ መጀመሪያ ላይ ከተማራችሁ፣ ከሁለት ቀን በኋላ በተከራያችሁት ቤት ኩሽና ውስጥ ብቻችሁን ትሞክሩታላችሁ። ሊጡ እምቢ ካላችሁም አስተማሪያችሁ ቅርብ ናት፤ ትጠይቋታላችሁ። ለመጨረሻው ቀን ካቆያችሁት ግን ይዛችሁ የምትመለሱት ፎቶ ብቻ ይሆናል።

ለዚህ ነገር ከጣሊያን ባሕር ዳርቻዎች ሁሉ ፑልያን እመርጣለሁ። ፑልያ በአገሪቱ ደቡብ ምሥራቅ፣ በአድሪያቲክ ባሕር በኩል ያለ ክልል ነው። ዋና ከተማው ባሪ ነው። ከባሪ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ፖሊኛኖ አ ማሬና ሞኖፖሊ የሚባሉ፣ ነጫጭ ቤቶቻቸው ባሕሩ አፍ ላይ የተደረደሩ ከተሞች ታገኛላችሁ። የአካባቢው ፓስታ ኦሬክዬቴ ይባላል። ትንሽ ጆሮ የመሰለ፣ አውራ ጣት ላይ የሚቀረጽ ፓስታ ነው። የሚሠራው ከዱረም ስንዴ ዱቄትና ከውሃ ብቻ ነው። እንቁላል የለውም። ማሽንም መዳመጫም አይፈልግም። አንድ ጣውላና አንድ ደንዛዛ ቢላ ካላችሁ የትም አገር ትሠሩታላችሁ። በሰሜን ጣሊያን፣ ለምሳሌ ቦሎኛ፣ የምትማሩት ፓስታ ለ100 ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል የሚገባበትና በጣም ሳስቶ የሚዳመጥ ነው። እሱም ግሩም ነው፤ ለጀማሪ ግን ይከብዳል። ለጾምም አይሆንም።

ጉዞውና ማረፊያው

ከአዲስ አበባ የምትነሱ ከሆነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሮምና ሚላኖ ይበራል። ከሮም ባሪ በፈጣን ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ከብዙ ከተሞች ቀጥታ ወደ ባሪ በረራ አላችሁ። ከባሪ ፖሊኛኖ በአገር ውስጥ ባቡር ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል፤ ሞኖፖሊ ትንሽ ራቅ ይላል። የወረቀት ትኬት ከገዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለው ማሽን ማስመታት አትርሱ። ካላስመታችሁ ቅጣት አለው።

ሆቴል ከመያዝ ይልቅ ኩሽና ያለው ቤት ተከራዩ። ሰፊ መሆን የለበትም። አንድ ትልቅ ድስት፣ አንድ መጥበሻና ሊጥ የሚታሽበት ጠረጴዛ ይበቃል።

ጁንና ሴፕቴምበር ለዋናም ለኩሽናም ጥሩ ናቸው። ኦገስት ሙቀቱ ይበረታል፣ ጣሊያኖቹ ራሳቸው ዕረፍት ስለሚወጡ ባሕር ዳርቻው ይጨናነቃል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ኦገስት 15 ፌራጎስቶ የሚባል ብሔራዊ በዓል ስለሆነ ብዙ ሱቅ ይዘጋል። እሱ ቀን የሚውለው ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ውስጥ ነው፤ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነውና። የምትጾሙ ከሆነ ግን አትጨነቁ። በወይራ ዘይትና በቲማቲም የተሠራ ኦሬክዬቴ የጾም ምግብ ነው። አይቡ ብቻ ይቅርባችሁ።

ትምህርቱን መምረጥ

ትምህርቱ በሦስት ዓይነት ቦታ ይሰጣል። በሰው ቤት፣ ማሴሪያ በሚባሉት ወፍራም ግንብ ባላቸው የድሮ የእርሻ ቤቶች፣ ወይም በምግብ ቤት ኩሽና። እኔ የሰው ቤት ይሻላል ባይ ነኝ። በአንድ እናት ኩሽና ከአራት ወይም ከአምስት ሰው ጋር ስትማሩ፣ እጃችሁን ይዛ ታሳያችኋለች። ማሴሪያ በወይራ ዛፎች መካከል ስለሆነ ቦታው ያምራል፤ መኪና ግን ይፈልጋል። ምግብ ቤት ውስጥ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ችኮላ ይበዛበታል።

በቡድን የሚሰጥ ትምህርት በሰው 100 ዩሮ ወዲህና ወዲያ ነው። ሦስት ወይም አራት ሰዓት ይፈጃል፤ በመጨረሻም የሠራችሁትን ቁጭ ብላችሁ ትበላላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ጽፋችሁ ጠይቁ። ስንት ሰው ነው የሚማረው? ከስምንት ከበለጠ ይቅርባችሁ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ጣውላና የራሱ ሊጥ አለው ወይስ አንዱ ሲሠራ ሌላው ያያል? ስንት ዓይነት ምግብ ይሠራል? ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ነገር ይነግራችኋል። በሦስት ሰዓት ውስጥ ፎካቻ የሚባለውን ዳቦ፣ ሁለት ዓይነት ፓስታ፣ ሥጋና ጣፋጭ እናሠራለን የሚል ትምህርት ካያችሁ፣ አብዛኛውን ቀድመው አዘጋጅተውት እናንተ ማስዋብ ብቻ ነው የሚቀራችሁ። አንድ ሊጥና አንድ ሱጎ በደንብ የሚያስተምረውን ያዙ።

ገበያ አብሮ የሚያስጎበኝ ትምህርት ጥሩ ነው። ግን ጠዋት መሆን አለበት። የአትክልት ገበያው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ይበተናል፤ ሱቆችም ከሰዓት በኋላ ለረጅም ሰዓት ይዘጋሉ። ከሰዓት ገበያ እናሳያችኋለን የሚል ካለ ምን ዓይነት ገበያ እንደሆነ ጠይቁ።

ስለምትበሉትና ስለማትበሉት አስቀድማችሁ ተናገሩ

ይህን ክፍል ለኛ ሰው ጠበቅ አድርጌ ነው የምጽፈው። ባሪ ውስጥ ብራሾሌ የሚባል፣ በአይብና በነጭ ሽንኩርት ተጠቅልሎ በቲማቲም ሱጎ ለረጅም ሰዓት የሚበስል ሥጋ አለ። ኦሬክዬቴው የሚበላው በዚያ ሱጎ ነው። በባሕላዊው አሠራር ሥጋው ብዙ ጊዜ የፈረስ ነው። ለነሱ የክብር ምግብ ነው። እናንተ ግን ሳታውቁት እንዳትበሉት ካቫሎ፣ ማለትም ፈረስ፣ እንደሌለበት ቀድማችሁ አረጋግጡ።

አሳማም እንዲሁ ነው። ሥጋው ብቻ ሳይሆን ስትሩቶ የሚባለው የአሳማ ስብ በአንዳንድ ሊጥና ኬክ ውስጥ ይገባል። ሴንጻ ማያሌ ማለት ያለ አሳማ ማለት ነው፤ ሴንጻ ስትሩቶ የሚለውንም ጨምሩበት። ታራሊ የሚባለው ቀለበት መሳይ ቁርስ ደግሞ ሊጡ ውስጥ ነጭ ወይን አለው። አልኮል የማትቀምሱ ይህን ልታውቁ ይገባል። ለጾም ቀላሉ ቃል ቬጋኖ ነው፤ እንቁላልም ወተትም ሥጋም ዓሣም የለበትም ማለት ነው።

ይህን ትምህርቱ ሲጀመር ሳይሆን ስትመዘገቡ ተናገሩ። ሴትየዋ ጠዋት ገበያ ወጥታ የምትገዛው በናንተ መልስ ነው።

ከትምህርቱ በፊት ባሪ አሮጌው ከተማ ጎራ በሉ

ጊዜ ካላችሁ ከመማራችሁ በፊት ባሪ ውስጥ አርኮ ባሶ ወደሚባለው መንገድ ሂዱ። ከግንቡ አጠገብ ነው። ሴቶች ደጃፋቸው ላይ ጠረጴዛ አውጥተው ኦሬክዬቴ ይሠራሉ፤ የተሠራው ደግሞ በሰፋፊ ማስጫ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። ቁሙና እጃቸውን ተመልከቱ። ቢላዋን እንዴት እንደሚያጋድሉት፣ አውራ ጣታቸው የት ላይ እንደሚያርፍ አስተውሉ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። አንድ ከረጢት ብትገዙ ደግሞ ደስ ይላቸዋል፤ ሥራቸው ነውና።

ሊጡ

ወደ ትምህርቱ ስትሄዱ ቀለበታችሁን አውልቁ፣ ጥፍራችሁን አሳጥሩ፣ እጅጌው የሚሰበሰብ ልብስ ልበሱ። ሽርጥ እዚያው ይሰጣችኋል። ቁርስ አታብዙ።

ዱቄቱ ሴሞላ ሪማቺናታ ይባላል። ሁለት ጊዜ የተፈጨ፣ ቢጫ ቢጫ የሚል የዱረም ስንዴ ዱቄት ነው። ዱረም አገራችንም ከጥንት ጀምሮ የሚበቅል ስንዴ ነው፤ ከባሌ ለፓስታ ፋብሪካ የሚሄደው እሱ ነው። ለአራት ሰው 400 ግራም ዱቄትና 200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይበቃል።

ዱቄቱን ጣውላው ላይ ክምር አድርጉና መሐሉን ጎድጉዱ። ውሃውን በአንዴ አትገልብጡት፤ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ በጣታችሁ ከዳር ወደ መሐል ለውሱት። መጀመሪያ ላይ ሊጡ ይፈረፈራል፣ ደረቅም ይመስላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጥና ውሃ ይጨምራል። አትጨምሩ። ሴሞላ ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው። በመዳፋችሁ ሥር እየገፋችሁ፣ እያጠፋችሁ፣ እያዞራችሁ አሥር ደቂቃ እሹት። ክንድ ብቻ ሳይሆን ትከሻም ይሥራ። ሲለሰልስና እንደ ጆሮ ጫፍ ሆኖ ሲሰማችሁ ደርሷል። ከድናችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ያላረፈ ሊጥ ስትስቡት ይሰበሰባል።

ከዚያ ቆርሳችሁ በመዳፋችሁ አንከባሉት፤ ውፍረቱ እንደ ሌባ ጣት፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። የቀረውን ሊጥ እንዳይደርቅ ክደኑት። የተንከባለለውን በቢላ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ጣውላው ላይ ዱቄት አትነስንሱ። ሊጡ ጣውላውን ካልያዘ አይቀረጽምና። የእንጨት ጣውላ የሚመረጠውም ለዚሁ ነው። ሸካራው ገጽ ፓስታው ላይ ይታተማል፤ ሱጎውን የሚይዘው ያ ሸካራነት ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ደንዛዛ የገበታ ቢላ ያዙ፤ ሌባ ጣታችሁ ቢላው ላይ ይረፍ። ቢላውን አጋድላችሁ ቁራጩ ላይ ጫን አድርጉና ወደ ራሳችሁ ጎትቱ። ሊጡ ይሳሳና ቢላውን ተከትሎ ይጠቀለላል። የተጠቀለለውን አንስታችሁ አውራ ጣታችሁ ጫፍ ላይ ገልብጡት። ሸካራው ወደ ውጭ ይወጣል፣ መሐሉ ስስ፣ ዳር ዳሩ ወፈር ያለ ትንሽ ጆሮ ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ ያስጠላሉ። አንዱ ይቀደዳል፣ ሌላው አይገለበጥም። የተበላሸውን ሰብስባችሁ መልሳችሁ እሹት፤ የሚባክን ነገር የለም። የሚቀደድ ከሆነ ጭነታችሁ በዝቷል፤ የማይጠቀለል ከሆነ ቢላው በጣም ቆሟል። አስተማሪዋን ደጋግማችሁ ቀስ ብላ እንድትሠራ ለምኗት። ቪዲዮ የምትቀርጹ ከሆነ ፊት ለፊቷ ሳይሆን ከትከሻዋ በላይ ቅረጹ። ፊት ለፊት የተቀረጸ ቪዲዮ ግራና ቀኙ ስለሚገለበጥ ቤት ገብታችሁ ስትሞክሩት ያደናግራል።

ማብሰሉ

ለ100 ግራም ፓስታ አንድ ሊትር ውሃ፣ ለአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ጨው። ውሃው ሲንተከተክ ጨምሩት። አዲስ የተሠራ ኦሬክዬቴ በአራት ወይም አምስት ደቂቃ ይበስላል፤ አንድ አውጥታችሁ ቅመሱ። እኛ ቤት ፓስታ ሲበስል በጣም ይለሰልስና በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። ይሄንን አታድርጉት። ላዩ ላይ ያለው ስታርች ሲታጠብ ሱጎው አይይዝም። በጭልፋ በቀጥታ ወደ ሱጎው መጥበሻ አውጡት፤ ከተቀቀለበት ውሃም ግማሽ ጭልፋ ጨምራችሁ አንድ ደቂቃ አገላብጡት።

በነሱ በጋ፣ ማለትም ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ሙቀት፣ ሱጎው ቀላል ነው። የወይራ ዘይት፣ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት፣ የበሰለ ትኩስ ቲማቲም፣ ጨው፣ በመጨረሻ ባዚሊኮ። ላዩ ላይ ካቾሪኮታ የሚባል ጠንከር ያለ ፎርማጆ ይፈገፈጋል። ባዚሊኮ የበሶብላ ዘመድ ነው፤ ጠረኑ ግን ይለያል፣ አይተካካም። በነሱ ክረምት፣ ማለትም በብርዱ ወራት፣ የሄዳችሁ ከሆነ ቺሜ ዲ ራፓ የሚባል መረር የሚል ጎመን መሳይ ቅጠል ትማራላችሁ። ቅጠሉ ከፓስታው ጋር በአንድ ውሃ ይቀቀላል፤ ከዚያ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ደረቅ ሚጥሚጣ ይገባበታል። ብዙ ጊዜ በጨው የቆየ ትንሽ ዓሣም ዘይቱ ውስጥ ይሟሟል። ዓሣ የማትበሉ ከሆነ አስቀርቱት፤ ያለ እሱም ይጣፍጣል። በጁላይ ትኩስ ቺሜ ዲ ራፓ አለን የሚል ምግብ ቤት ግን አትመኑ፤ ወቅቱ አይደለም።

ደግሞ መሥራት

ከትምህርቱ በኋላ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ አንድ ኪሎ ሴሞላ ሪማቺናታ ግዙ። ርካሽ ነው። ጠዋት ባሕር ዋሉ፣ ፀሐዩ ሲበረታ ወደ ቤት ግቡና ሊጡን ለውሱ። ሊጡ እስኪያርፍ ሻወር ትወስዳላችሁ። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ማንከባለሉንና መቁረጡን ለነሱ ስጡ፤ ይወዱታል።

ወደ ምትኖሩበት አገር ስትመለሱ ዱቄቱን ለማግኘት አትቸገሩም። አረብ አገርም ሆነ አሜሪካ ባሉ የአረብ ሱቆች ሰሞሊና አለ። ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ደቃቁን ውሰዱ። ሻካራው ለጣፋጭ የሚሆነው ነው፤ ሊጡ አይያያዝም። ሻካራው ብቻ ካለ በቡና መፍጫ ደግማችሁ ፍጩት፣ ወይም ግማሽ በግማሽ ከፉርኖ ዱቄት ጋር ቀላቅሉት። ከፉርኖ ዱቄት ጋር ሲቀላቀል ውሃውን ትንሽ ቀንሱ።

ብዙ ከሠራችሁ በትሪ ላይ ሳይነካካ ዘርግታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። ሲጠነክር ወደ ፌስታል ገልብጡ። ስትፈልጉ ሳታቀልጡ በቀጥታ ወደ ፈላው ውሃ ጨምሩት፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበልጥ ይፈጃል።