የአሜሪካን ፖለቲካ ከቤታችሁ ዲድ (የባለቤትነት ሰነድ) ጀምራችሁ አንብቡ

ቤት የገዛሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የክሎዚንግ ዕለት፣ ማለትም ሽያጩ የሚጠናቀቅበት ቀን፣ ያስፈረሙኝ ወረቀት ትራስ ያክላል። ግማሹን ሳላነብ ፈረምኩ። ከወራት በኋላ አጥር ላሠራ ብዬ የድንበሩን ልክ ስፈልግ፣ ከወረቀቶቹ መሀል በታይፕ የተመታ አሮጌ ቅጂ አገኘሁ። የ1940ዎቹ ውል ነው። አጥሩ ከዚህ ከፍታ አይለፍ ይላል። ዶሮ አይረባ ይላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ግን፣ ይህ ቤት ለጥቁር ሰው አይሸጥም፣ አይከራይም፣ ጥቁር ሰው አይኖርበትም ይላል። የቤት ሠራተኛ ካልሆነ በስተቀር።

ወረቀቱን ያነበብኩት ኩሽና ውስጥ ቆሜ ነው። ጀበናው እሳት ላይ ነበር። ያ ውል እኔን በዚህ ኩሽና ውስጥ የሚያውቀኝ ደሞዝተኛ ሆኜ ብቻ ነው። ቡናው እስኪገነፍል ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ወገኖቻችንን አስተምራለሁ። አንዲት እናት አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጥያቄውን ሸምድደን እናልፋለን። ግን እነዚህ ሰዎች ቴሌቪዥን ላይ ቀን ከሌት የሚጨቃጨቁት ስለ ምንድን ነው?» በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንን ቅጂ ይዤላቸው ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ የማስተምረው እንደሚከተለው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ዘር» የሚለውን ቃል ለጊዜው አስቀምጡት

አገር ቤት «ዘሩ ምንድን ነው?» ሲባል የአባቱን አገር፣ ቋንቋውን መጠየቅ ነው። «ዘረኛ» የምንለውም ለወገኑ የሚያደላን ሰው ነው። በዚህ መነጽር የአሜሪካን ዜና ካያችሁ ትሳሳታላችሁ። እዚህ «ሬስ» የሚሉት ነገር በሕግ የተጻፈ፣ ቅጽ ላይ የሚሞላ፣ ፍርድ ቤት የተከራከሩበት ነገር ነው። በ1790 የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ ዜግነት የሚያገኘው «ነፃ ነጭ ሰው» ነው አለ። አፍሪካ ለተወለዱና ለአፍሪካ ተወላጆች የተፈቀደው በ1870 ነው። በ1923 ባጋት ሲንግ ቲንድ የተባለ የህንድ ተወላጅ፣ ያውም ለአሜሪካ ጦር ያገለገለ ሰው፣ «ነጭ አይደለህም» ተብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዜግነት ከለከለው። ጎረቤታችን ቨርጂኒያ በ1924 ነጭ ማን እንደሆነ በሕግ ደንግጋ፣ ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ ከለከለች። ያ ክልከላ የተሻረው በ1967 ነው።

ስለዚህ ዜና ስትሰሙ «ማን ማንን ይጠላል?» ብላችሁ አትጀምሩ። የሰው ልብ ውስጥ ማየት አይቻልም። «ይሄ ነገር የት ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር? ማን ሻረው? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይሄ መልስ አለው።

ዲዳችሁን ፈልጉ

ሜሪላንድ የምትኖሩ፣ የካውንቲዎቹን የመሬት መዝገብ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ማየት ትችላላችሁ፤ አካውንት መክፈት ብቻ ነው። የራሳችሁ ዲድ ላይ ከእሱ በፊት የነበረው ሽያጭ የመጽሐፍና የገጽ ቁጥር ይገኛል። እሱን ከፍታችሁ ወደ ቀደመው፣ ከዚያም ወደ ሌላው ትሄዳላችሁ። ሰፈሩ መጀመሪያ ተሸንሽኖ የተሸጠበት ዘመን ስትደርሱ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ቨርጂኒያ ከሆናችሁ የካውንቲውን ፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ጠይቁ። ቤት ያልገዛችሁም የምትከራዩትን ሕንጻ ማየት ትችላላችሁ፤ መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነው።

ይሄ ውል ከየት መጣ? ባልቲሞር በ1910 ጥቁርና ነጭ የሚኖሩበትን ብሎክ በከተማ ሕግ ለየች። ሌሎች ከተሞች ተከተሏት። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1917 መንግሥት እንዲህ ማድረግ አይችልም አለ። መንግሥት ሲከለከል ነገሩ ወደ ግል ውል ገባ። በ1926፣ ከዚሁ ከዋሽንግተን በተነሣ ክስ፣ ፍርድ ቤቱ የግል ውሉን አጸደቀው። በ1948 ደግሞ ፍርድ ቤቶች ውሉን ማስፈጸም አይችሉም ተባለ። በዘር ምክንያት ቤት አልሸጥም ማለት በፌዴራል ሕግ የተከለከለው በ1968 ነው፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ።

በዚህ ላይ የብድሩ ነገር አለ። በ1930ዎቹ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከ200 በላይ ከተሞችን በ4 ቀለም ከፋፈለ። አረንጓዴው ምርጥ፣ ቀዩ «አደገኛ»። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር በአመዛኙ ቀይ ተቀባ። የሞርጌጅ ዋስትና የሚሰጠው ሌላው መሥሪያ ቤት ደግሞ ጭራሽ የዘር ገደብ ያለበትን ሰፈር ይመርጥ ነበር። የሪችመንድ ዩኒቨርሲቲ ካርታዎቹን ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጧቸዋል። አትላንታ፣ ሲያትል፣ ሚኒያፖሊስ፣ ዴንቨር ያላችሁ ከተማችሁን እዚያ ታገኙታላችሁ። ሲያትል ውስጥ የኛ ሰው ብዙ ዓመት የኖረበት ሴንትራል ዲስትሪክት ቀይ ነው።

አሁን ወደ ዛሬ ኑ። እዚህ አገር ቤተሰብ ለልጁ የሚያወርሰው ትልቁ ሀብት ቤት ነው። የትምህርት ቤት በጀትም ከቤት ግብር ብዙ ያገኛል። የአንዱ አያት በ1946 በርካሽ ብድር ቤት ገዛ፤ የሌላው አያት በዚያው ዓመት ከዚያው ጦርነት ተመልሶ ተከለከለ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ አንድ ምርጫ ጣቢያ ይሰለፋሉ። ሰፈሬ ውስጥ በአንድ ቦታ ላይ ከአንድ በላይ ቤት ይሠራ ወይስ አይሠራ በሚል ስብሰባ ነበር። አንድ ጎረቤቴ ተነሥተው «የሰፈራችን መልክ ይበላሻል» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ በረዶ ሲጥል በሬን የሚጠርጉልኝ እሳቸው ናቸው። ከኋላ የተቀመጡ ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት ግን ያን ቃል ሲሰሙ ቦርሳቸውን ጨብጠው አንገታቸውን ደፉ። ለሳቸው ያ ቃል የቆየ ቃል ነው። ዲዱን ባላነብ ኖሮ የሁለቱ ጠብ ስለ መኪና ማቆሚያ ይመስለኝ ነበር።

የምርጫ ካርታውን ከጥጥ ጋር አስተያዩ

አንድ ታክሲ የሚነዱ ጋሼ «ባሪያ ነፃ ያወጣው ሊንከን ሪፐብሊካን አይደል እንዴ? ታዲያ ጥቁሮቹ ለምን ዲሞክራት ሆኑ?» ብለው ክፍሉን አስጨነቁት። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ መምረጥ የቻለ ጥቁር ለሪፐብሊካን ነበር የሚመርጠው። ደቡብን የያዙት ነጭ ዲሞክራቶች ነበሩ። በ1936 ዲሞክራቱ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በኢኮኖሚ መርሐ ግብሩ ብዙ ጥቁር መራጮችን ሳበ። በ1964 ዲሞክራቱ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የሲቪል መብቶች ሕግን ፈረመ፤ ሕጉን የተቃወመውና በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ሪፐብሊካኑ ጎልድዋተር ከራሱ ከአሪዞና ሌላ ያሸነፈው አምስት የጥልቅ ደቡብ ግዛቶችን ብቻ ነበር። ያ ምርጫ የሁለቱ ፓርቲዎች ቦታ መቀያየር በግልጽ የታየበት ነው።

አላባማን በካውንቲ የተከፋፈለ የምርጫ ውጤት ላይ እዩት። በቀይ (ሪፐብሊካን) መሀል አንድ ሰማያዊ (ዲሞክራት) መቀነት ያልፋል። እኛ መረሬ የምንለው ዓይነት ጥቁር ለም አፈር ያለበት ቦታ ነው። ጥጥ የተዘራው እዚያ ነው፤ ባሪያ ተደርገው የመጡት ሰዎች በብዛት የሰፈሩትም እዚያ ነው። ልጆቻቸው ዛሬም እዚያ አሉ፤ እዚያው ይመርጣሉ።

በ1965 የምርጫ መብት ሕግ ወጣ። ጥቁር እንዳይመርጥ ሲከለክሉ የኖሩ ግዛቶች የምርጫ ሕጋቸውን ለመለወጥ አስቀድመው የፌዴራል ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የትኞቹ ግዛቶች ይጠይቁ የሚለውን መለኪያ ሻረው፤ ፈቃድ መጠየቁም ቀረ። ቴክሳስ በዚያው ቀን የፎቶ መታወቂያ ሕጉን እንደሚያስፈጽም አስታወቀ። ኖርዝ ካሮላይናም በዚያው ዓመት አዲስ የምርጫ ሕግ አወጣች፤ በ2016 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሕጉ ጥቁር መራጮችን ለይቶ ያነጣጠረ ነው ብሎ ሻረው። «መታወቂያ ማሳየት ምን ያስከፋል?» ለሚለኝ ተማሪ የማሳየው ይህን ቅደም ተከተል ነው። ከዚያ በኋላ መታወቂያውን ቢደግፍም ቢቃወምም የሱ ፋንታ ነው።

የዲሲ ታርጋ

ዲሲ የምትነዱ ሰዎች ታርጋው ላይ ያለ ውክልና ግብር መክፈል ይቅር የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። በከተማዋ ጥቁር ወንዶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1867፣ ከአብዛኛው አገር ቀድመው ነው። በ1874 ኮንግረስ የከተማዋን ምርጫ ጨርሶ አስቀረ። ዕዳዋ በርግጥ ከብዶ ነበር፤ ነገር ግን የጥቁሮች ድምፅ ያላስደሰታቸውም ብዙ ነበሩ። ነዋሪው ከንቲባውን እንደገና የመረጠው ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1974 ነው። ዛሬም ኮንግረስ ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የላትም።

የራሳችሁን ቦታ ፈልጉ

ይሄኛው ብዙ ጊዜ የምንዘለው ነው። በ1924ቱ ሕግ መሠረት ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ የኮታ ሥርዓት የፈረሰው በ1965 ነው፤ የምርጫ መብት ሕግ በተፈረመ በሁለት ወሩ። በአንድ ነፋስ የተከፈቱ ሁለት በሮች ናቸው። የዲቪ ሎተሪ የመጣው ከዚያ በኋላ በ1990 ሕግ ነው። በ1965 አላባማ ውስጥ ለመምረጥ መብት ተሰልፈው በሰልማ ድልድይ ላይ የተደበደቡት ሰዎች ባይኖሩ የኔ ቪዛ አይኖርም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዲሲ ውስጥ ዩ ስትሪትና 9ኛ መንገድ የኛ ምግብ ቤቶች ሰፈር ከመሆናቸው በፊት የጥቁር አሜሪካውያን የቲያትርና የሙዚቃ ሰፈር ነበሩ። በ1968 ኪንግ ሲገደል በተነሣው ሁከት ተቃጠሉ፤ ብዙ ዓመት ባዶ ቀሩ። በ2005 አካባቢውን «ሊትል ኢትዮጵያ» እናሰኝ የሚል ሐሳብ ሲነሣ የቆዩ ነዋሪዎች ተቃወሙ። ያኔ ብዙዎቻችን ተቀየምን። ዛሬ ግን ይገባኛል፤ የአያቶቻቸውን ስም ፍለጋ ላይ ሳሉ እኛ የራሳችንን ስም ይዘን ደረስን። እዚያው አጠገብ ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው በ1935 በኋላ የጥቁር አሜሪካውያንን ድጋፍ ያሰባሰበልንን ሐኪም፣ ዶክተር መላኩ በያንን፣ አስመርቆ የላከልን። ፋሽስት ሲወረን ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው ገንዘብ ያዋጡልን ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሁሉንም በዘር አትተርጉሙ። ሃይማኖት አለ፣ ገጠርና ከተማ አለ፣ የተዘጋ የድንጋይ ከሰል ማዕድን አለ።

ውሉን ካገኛችሁ አትደንግጡ፤ በሕግ ዋጋ የለውም። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ባለቤቱ ገደቡ የማይሠራ መሆኑን የሚያስመዘግብበት ቅጽ አላቸው። እኔ አስገብቻለሁ። ከማስገባታችሁ በፊት ግን ገጹን በደንብ ፎቶ አንሡት፤ የመጽሐፉንና የገጹን ቁጥር ጀርባው ላይ ጻፉ። የኔ ልጅ ለታሪክ ክፍሏ ይዛው ሄዳ፣ አስተማሪዋ ኮፒ አስቀርታለች።